አንድ አነስተኛ የአማርኛ መጽሐፍ ከረቂቅ እስከ ጥራዝ፦ የገጽ ዝግጅትንና የኅትመትን ሥራ በተግባር መማር

የመጽሐፍ ገጽ ዝግጅትን መማር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ገጹ ስንት መስመር መያዝ እንዳለበት፣ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ ለላቲን ፊደል የተሠራው ልማድ ለአማርኛ ለምን እንደማይመች ግን አይነግርም። እነዚህን ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አንድ አነስተኛ ሥራ ይዞ እስከ ጥራዙ ድረስ ማድረስ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ የተወሰነ ሥራ ይከተላል፦ በኤ5 መጠን የሚዘጋጅ፣ 96 ገጽ ያለው፣ ውስጡ በጥቁር ቀለም ብቻ የሚታተም፣ ሽፋኑ ባለ ሙሉ ቀለም የሆነ፣ በ500 ቅጂ የሚወጣ መጽሐፍ። የአንድ ማኅበር ታሪክ፣ የግጥም መድበል ወይም የማስተማሪያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል።

ከወረቀቱ ይነሱ

ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት ማተሚያ ቤት ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማሽናቸው የሚወስደው የወረቀት መጠን ስንት ነው? ጥረዛው በሙጫ ነው ወይስ በክር ስፌት? ፋይሉንስ በምን ዓይነት ይቀበላሉ? መልሶቹ ከዚህ በኋላ የሚወስኑትን ሁሉ ይነካሉ።

ኤ5 ማለት 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ ስድስት የኤ5 ገጾች አንድ ላይ ሲደረደሩ አንድ ኤ1 ይሆናሉ፤ ለመቁረጫ የሚሆን ትርፍ ያለው 61 በ86 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ደግሞ እነዚህን አሥራ ስድስት ገጾች በአንድ ፊቱ ይይዛል። ጀርባውም ሲታተም አንዱ ሉህ 32 ገጽ ይሆናል ማለት ነው። 96 ገጽ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ በትክክል ሦስት ሉህ ይሞላል። ጽሑፉ 98 ገጽ ላይ ቢያልቅ ለሁለት ገጽ ሲባል አራተኛ ሉህ፣ ተጨማሪ ፕሌት (ገጾቹ የሚቀረጹበት የማተሚያ ሰሌዳ) እና ተጨማሪ የማሽን ሰዓት ይከፈላል። 36 በ52 ሳንቲ ሜትር በሚወስዱ ትናንሽ የኦፍሴት (በፕሌት የሚያትሙ) ማሽኖችም ቢሆን አንዱ ሉህ በሁለቱም ፊቱ ስምንት የኤ5 ገጽ ስለሚይዝ 96 ያለ ትርፍ ይካፈላል። ለ500 ቅጂ በትልቁ ወረቀት 1,500 ሉህ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ሲስተካከልና በጥረዛ ጊዜ ለሚበላሸው ማተሚያ ቤቱ የራሱን ጭማሪ ያስባል። የጭማሪውን መጠን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለውስጡ ገጽ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት መምረጥ ይሻላል። በ60 ግራም ወረቀት ላይ የጀርባው ጽሑፍ አልፎ ይታያል፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ጥላው ከላቲን ፊደል ይልቅ ያውካል። ለሽፋኑ ከ250 እስከ 300 ግራም ይበቃል። የወረቀቱ ጭረት፣ ማለትም ክሮቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ (ቅጠሎቹ ከሚጠረዙበት ጎን) ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መጽሐፉ አልገለጥ ብሎ ያስቸግራል፣ በእርጥበት ጊዜም ጀርባው ይጨማደዳል። መጽሐፉ በአሜሪካ የሚታተም ከሆነ ግን በዚያ የተለመደው 5.5 በ8.5 ኢንች፣ ማለትም 140 በ216 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የገጹን መጠን ከመጀመሪያው በዚያ መለካት ይገባል። ያለቀ ሥራን በመጨረሻ ወደ ሌላ መጠን መለወጥ ሥራውን እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ኅዳግን፣ ማለትም በጽሑፉ ዙሪያ የሚተወውን ባዶ ቦታ፣ ለመማር የብራና መጻሕፍትን መመልከትን የመሰለ ትምህርት የለም። በአብዛኛዎቹ የግርጌው ኅዳግ ከሁሉ ሰፊ ነው፤ የውጭው ኅዳግም ከውስጠኛው ይሰፋል። የታችኛው ስፋት ለአንባቢው ጣት ቦታ ከመስጠቱም በላይ ጽሑፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳርፈዋል። በሙጫ በሚጠረዝ መጽሐፍ ግን አንድ ለውጥ ያስፈልጋል፦ የውስጠኛው ኅዳግ ጥቂት ሚሊ ሜትር በጥረዛው ስለሚዋጥ ሰፋ ማለት አለበት። ለሥራችን ከውስጥ 20፣ ከውጭ 16፣ ከላይ 17፣ ከታች 22 ሚሊ ሜትር ቢተው ለጽሑፉ 112 በ171 ሚሊ ሜትር ቦታ ይቀራል። በዚህ ቦታ ላይ ሦስት ሙሉ ገጽ ለሙከራ ያዘጋጁ፤ በአንድ ገጽ በአማካይ ስንት ቃል እንደገባ ቆጥረው የረቂቁን ጠቅላላ የቃል ብዛት ለዚያ ያካፍሉት። መጽሐፉ 96 ገጽ ይበቃው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

ጽሑፉን ማጽዳት

አብዛኛው ጀማሪ ይህን ደረጃ ይዘልለዋል፤ በእኔ ግምት ግን የአማርኛ መጽሐፍ ጥራት ከግማሽ በላይ የሚወሰነው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ኮድ፣ የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ እንደ ቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ያሉት፣ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ በነሱ የተጻፉ ረቂቆችም ዛሬ ድረስ ይመጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን እንደ ኒያላ ወይም ኖቶ ወዳለ የዩኒኮድ ፎንት ይለውጡት። ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ከተለወጠ አሮጌ ኮድ ነው። ለዚህ የተሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተለወጠ በኋላ ግን ጽሑፉ ከዋናው ጋር እየተያየ ቃል በቃል መነበብ አለበት፣ ምክንያቱም እንደ ቋ፣ ኳ እና ሟ ያሉ ፊደላት በለውጡ ጊዜ ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ቀጥሎ ሥርዓተ ነጥቡ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን የሚጽፉት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው፤ አንዳንዶችም የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይደግማሉ። በስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ጽሑፉ በመስመር ሲደረደር ግን ኮምፒውተሩ ምልክቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ስለሚቆጥረው አንዱን በመስመሩ መጨረሻ ትቶ ሌላውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ሊወስደው ይችላል። የፍለጋና መተኪያ ትእዛዝን ተጠቅመው ሁሉንም በአንዱ እውነተኛ «።» ይተኩ። ከነጠላ ሰረዝ በፊት የገባ ክፍተትን ያጥፉ፣ ድርብ ክፍተትን ወደ አንድ ያውርዱ፣ በሁለት ነጠላ ምልክት የተሠራውን የትምህርተ ጥቅስም በአንዱ « » ይለውጡ። «1967 ዓ.ም.» በሚለው ውስጥ በቁጥሩና በ«ዓ.ም.» መካከል፣ እንዲሁም በ«ዶ/ር» እና በሚከተለው ስም መካከል የማይሰበር ክፍተት ካስገቡ ሁለቱ በመስመር መጨረሻ አይለያዩም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአንባቢው አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በአንድ ረቂቅ ውስጥ «ዓለም»፣ «አለም» እና «ዐለም» በየገጹ ሊገኙ ይችላሉ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ የገጽ አዘጋጁ ሥራ ክርክሩን መፍታት ሳይሆን ጸሐፊው ወይም አርታኢው አንዱን እንዲመርጥ ማድረግና ምርጫውን በመላው መጽሐፍ መጠበቅ ነው። በሁለት ዓምድ የተከፈለ የቃላት ዝርዝር ያዘጋጁ፤ በአንዱ የተመረጠውን፣ በሌላው የሚተካውን ይጻፉ። «ሰምቷል» ወይስ «ሰምትዋል» እንደሚባልም በዚሁ ዝርዝር ይወሰን። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መተካት ግን አደጋ አለው፦ የሰዎች ስም ባለቤቶቹ እንደሚጽፉት፣ ከሌላ ጽሑፍ የተጠቀሰው ደግሞ በምንጩ እንዳለ መቆየት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ምትክ እያዩ ይፍቀዱ። ጊዜ ይወስዳል፤ ለአንባቢ የሚደረግ አክብሮት ግን በዚህ ይታያል።

መጽሐፉ መጠቁም (በመጨረሻው የቃላትና የስሞች ዝርዝር ከነገጻቸው) ካለው ድካሙ በእጥፍ ይመለሳል። ፕሮግራሞች ቃላትን የሚደረድሩት በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ስለሆነ «ሀይሉ» እና «ኃይሉ» ተራርቀው በሁለት ቦታ ይወድቃሉ፤ አንባቢውም አንዱን አይቶ ሌላውን ያጣል። የኢትዮጵያውያን ስም በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም እንደማይደረደርም ለፕሮግራሙ መንገር ያስፈልጋል።

ፊደሉ የሚጠይቀው አቀማመጥ

ለገጽ ዝግጅቱ ኢንዲዛይን ወይም አፊኒቲ ቢኖርዎ መልካም ነው፤ ስክራይበስ ደግሞ በነፃ ይገኛል። ጽሑፍ ብቻ ለሆነ መጽሐፍ ወርድም ቢሆን በጥንቃቄ ከተያዘ ይሠራል። በየትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የሚማሩት የአንቀጽ ስታይል (የአንቀጽን መልክ አንድ ጊዜ ወስኖ በሁሉም ቦታ መጠቀም) እና ማስተር ፔጅ (ለገጾች ሁሉ የሚያገለግል ሞዴል ገጽ) ይሁን። እያንዳንዱን ርእስ ለየብቻ ማጉላትና ማወፈር ለአሥር ገጽ ይቻላል፤ ለ96 ገጽ ግን መዛነፉ አይቀርም።

የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ፣ ቀጥ ያለና ያዘመመ የሚባል ልዩነት የለውም። በላቲን ጽሑፍ የመጽሐፍን ስም ለመለየት የሚያገለግለው ዘመም ያለ ፊደል በእኛ ፊደል ሲሞከር ኮምፒውተሩ ቅርጹን ገፍቶ ያጣምመዋል እንጂ አዲስ ፊደል አይሠራም፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አስቀያሚ ነው። ስለዚህ የርእሶች ደረጃ በመጠን፣ በውፍረትና ከሁሉ በላይ በባዶ ቦታ ይለይ፤ የመጻሕፍት ስም በትምህርተ ጥቅስ ይያዝ። የጥንት ጸሐፍት ቅዱሳት ስሞችንና የምዕራፍ መጀመሪያን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ ሁለት ቀለም ማሳተም የሚችል ሰው ከዚህ የተሻለ ሀገርኛ መፍትሔ አያገኝም።

ፎንት ሲመርጡ እውነተኛ ወፍራም ፊደል ያለው መሆኑን ይመልከቱ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ደማቅ በርካታ ውፍረቶች አሉት፤ ፈቃዱም ለንግድ መጽሐፍ ሳይከፍሉ መጠቀምን ይፈቅዳል። አቢሲኒካም እንዲሁ በነፃ የተፈቀደና ለረጅም ንባብ የሚመች ነው። ወፍራም ፊደል የሌለውን ፎንት «አወፍር» ብለው ሲያዙት ኮምፒውተሩ ቅርጹን በዙሪያው ያደልበዋል፤ እንደ ቤ፣ ሴ እና ሜ ያሉ የኃምስ ፊደላት ቀለበቶችም ይደፈናሉ። መጠኑም ቢሆን በጣም ማነስ የለበትም። «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ በ8 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የታተመ የግርጌ ማስታወሻ ዓይንን ያደክማል። ለዋናው ጽሑፍ 11፣ ለማስታወሻ 9 ነጥብ ብለው ይነሱና በወረቀት አትመው ይዩት። በስክሪን ላይ ተመልክቶ ስለ ፊደል መጠን መወሰን አይቻልም።

የላቲን ፊደላት ከፊሎቹ ወደ ላይ፣ ከፊሎቹ ወደ ታች ስለሚዘልቁ በመስመሮች መካከል አየር ይፈጥራሉ። የእኛ ፊደላት በአብዛኛው እኩል ቁመት ይዘው ስለሚሰለፉ መስመሩ አንድ ወጥ ጥቁር መቀነት ይመስላል፤ ስለዚህ የበለጠ የመስመር ርቀት ይፈልጋሉ። ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠውን ርቀት ትተው ለ11 ነጥብ ፊደል 16 ነጥብ ርቀት ይስጡ። ከላይ በለካነው ገጽ ላይ 30 መስመር ይገባል ማለት ነው።

የመስመር አሞላል ግን ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። አማርኛ መስተዋድዱን፣ አሉታውንና ተውላጠ ስሙን ከግሱ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ «ስላላስተዋወቅናቸውም» የሚለው ሁሉ አንድ ቃል ነው። ሁለቱንም ጎን ለማስተካከል ሲባል ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ረጅም ቃል ወደ ታች ካወረደው በቀሩት ቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይከፈታል፤ ክፍተቶቹ በተከታታይ መስመሮች ሲገጣጠሙም ገጹ ነጭ ስንጥቅ ያወጣል። ድሮ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ በነበረበት ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ ቃሉ ያለ ምንም ምልክት በየትኛውም ፊደል ላይ ተከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድ ነበር፣ የቃሉን ፍጻሜ የሚነግረው ነጥቡ ነውና። የዛሬ አንባቢ በባዶ ክፍተት ስለለመደ ይህን ብናደርግ ይደናቀፋል።

መፍትሔው ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ ማድረግ ነው። የጽሑፉ ቋንቋ በፕሮግራሙ ውስጥ እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ ይመልከቱና ቃልን በመስመር መጨረሻ የሚከፍለውን ትእዛዝ ያጥፉት። ገጹን በሁለት ጠባብ ዓምድ አይክፈሉ። በቃላት መካከል የሚፈቀደውን ክፍተት ወሰን ያብጁለት፤ በፊደላት መካከልም አንድ ወይም ሁለት በመቶ ያህል እንዲላላና እንዲጠብቅ ቢፈቀድለት ዓይን ሳያስተውለው መስመሩ ይስተካከላል። ጠባብ ዓምድ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ በመጽሔት ላይ፣ በግራ ብቻ ማሰለፍ ከተቀደደ ገጽ እጅግ ይሻላል። ግጥም ከሆነ ደግሞ ረጅሙን ስንኝ አስቀድመው ፈልገው የፊደሉን መጠን በዚያ ይወስኑ፤ የተሰበረ ስንኝ ምቱን ያፈርሳል።

የግዕዝ ቁጥር ለምዕራፎችና ለመግቢያው ገጾች ያምራል። ለዋናው ገጽ ቁጥር ግን አልመክርም፤ ብዙ አንባቢ ከ፳ በኋላ ያለውን ለማንበብ ይቸገራል፣ ማውጫውም ጥቅሙን ያጣል።

ዓይን የሚለምደው በማየት ነው። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ በሀገር ውስጥ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የወጡ ብዙ ውብ መጻሕፍት አሉ። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተው የድሮ ኅትመቶችን በማስመሪያ ይለኩ፦ ኅዳጉን፣ የመስመሩን ብዛት፣ ርእሱ ከገጹ አናት ያለውን ርቀት። በደብተር የተመዘገበ እንዲህ ያለ ልኬት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጥ ያስተምራል።

ሥዕል፣ ጥቁር ቀለምና ሽፋን

ፎቶግራፍ በሚታተምበት መጠን በኢንች 300 ፒክሰል ሊኖረው ይገባል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሥዕል 1,200 ፒክሰል ገደማ ማለት ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ ባለቤቱ እንደ ፋይል እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

ከወርድ የወጣ ፒዲኤፍ ውስጥ ያለው ጥቁር ብዙ ጊዜ ለሙሉ ቀለም ኅትመት የሚያገለግሉት የአራቱ ቀለሞች ድብልቅ ሆኖ ይለወጣል። አራቱ ፕሌቶች በጥቂቱ ቢዛነፉ እንኳ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። የጽሑፉ ጥቁር መቶ በመቶ ከጥቁሩ ቀለም ብቻ የመጣ መሆኑን በፒዲኤፍ ማሳያው የቀለም መለያ ይፈትሹ፤ ፎንቶቹም በፋይሉ ውስጥ ተካትተው መግባታቸውን ያረጋግጡ።

ሽፋኑ የኋላው፣ የጀርባውና የፊቱ ክፍል በአንድ ፋይል ይዘጋጃል። 96 ገጽ 48 ቅጠል ነው፤ የአንድ የ80 ግራም ቅጠል ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጀርባው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዙሪያው ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሲጨመር ጠቅላላው 307 በ216 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ማተሚያ ቤቱ በዚያው ወረቀት ባዶ ናሙና እንዲያበጅልዎ ጠይቀው ጀርባውን በእጅዎ ይለኩ። በእንዲህ ያለ ቀጭን ጀርባ ላይ ርእስ ባይጻፍ ይሻላል፤ ጥቂት ቢሸሽ ወደ ፊቱ ሽፋን ይወጣል። አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አስቀድመው ያውጡ። ባርኮዱ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ይቀመጥ፤ ብዙ ማንበቢያዎች በቀይ ብርሃን ስለሚሠሩ በቀይ የታተመ ባርኮድ አይነበብም።

በማተሚያ ቤት

በ500 ቅጂ የዲጂታልና የኦፍሴት ዋጋ ሊቀራረብ ስለሚችል ሁለቱንም ያስገምቱ፤ ለ50 ወይም ለ100 ቅጂ ዲጂታሉ ይበቃል። በኦፍሴት በትልቁ ወረቀት ለውስጡ ስድስት፣ ለሽፋኑ አራት ፕሌት ይወጣል። አንዱ ፕሌት አሥራ ስድስት ገጽ ስለያዘ ከዚያ በኋላ የተገኘች አንዲት የፊደል ስሕተት የፕሌቱን ሙሉ ዋጋ ታስከፍላለች። ስለዚህ እርማት ከፕሌቱ በፊት ለንባብ በሚታተመው ናሙና ላይ ይጠናቀቅ። ናሙናውን ጽሑፉን አይቶ የማያውቅ ሰው ያንብበው፤ እርስዎ ደግሞ በተለያየ ዙር ርእሶችን ብቻ፣ ከዚያ የገጽ ቁጥሮችን ከማውጫው ጋር፣ ከዚያም በፊደል ምትክ ባዶ ሳጥን የወጣባቸውን ቦታዎች ይመልከቱ። ሁሉንም በአንድ ንባብ የሚፈልግ ሰው ከፊሉን ይስታል። ካረሙ በኋላ እያንዳንዱን ገጽ ፈርመው ያስረክቡ፤ የፈረሙበትን አንድ ቅጂም ለራስዎ ያስቀሩ።

ጥረዛውን በተመለከተ አቅም ከፈቀደ በክር የተሰፋውን ይምረጡ። በሙጫ የሚሠራ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ከዚህ በፊት ያወጣውን መጽሐፍ ተቀብለው መሐሉን ሙሉ በሙሉ ገልጠው አንድ ቅጠል ሳብ ያድርጉ፤ ቅጠሉ በቀላሉ ከተነሣ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መጻሕፍቱ ሲደርሱ ከላይኛው እሽግ ብቻ ሳይሆን ከየእሽጉ ጥቂት አውጥተው የገጹን ተከታታይነት ይፈትሹ፤ የተደገመ ወይም የተገለበጠ እጥፋት ያለበት ቅጂ ካለ በዚያው ቀን ይመለስ። ከዚያ ዋናውን የገጽ ፋይል፣ ፎንቶቹን፣ ሥዕሎቹን፣ ለማተሚያ የሄደውን ፒዲኤፍና የፊደል ምርጫ ዝርዝሩን በአንድ ፎልደር አኑረው በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፤ አንባቢዎች የሚያገኟቸውን ስሕተቶች የሚመዘግቡበት አንድ ገጽም በዚያው ይክፈቱ፣ ለሁለተኛው እትም የመጀመሪያው ሥራ እሱ ይሆናልና።